የደም ሥርን በመርፌ የሰፋው ሐኪም፤ የዶክተር አሌክሲ ካሬል ታሪክ

የታላላቅ ሊቃውንት ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ድል ያደረጉት ነገር ነው። ነገር ግን የአንድን ሊቅ ሥራ በሚገባ ለመመዘን፥ ፈትቶ ያለፈውን ችግር ብቻ ሳይሆን ለተከታዮቹ ያወረሰውን ችግር ጭምር መመልከት ያስፈልጋል። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላቸው ፈረንሳዊው ሐኪም አሌክሲ ካሬል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ካሬል በሐር ሥራዋ ከታወቀችው ከሊዮን ከተማ አጠገብ በ1873 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት ያሳደገችው እናቱ ናት። በተወለደበት አገር ሕክምና ተምሮ በሆስፒታል በሚሠራበት ጊዜ፥ በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮንን ሲጐበኙ በጩቤ ተወጉ። ጩቤው ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቁን የደም ሥር ስለ ቈረጠው፥ ሐኪሞቹ ደሙን ለማቆም ሳይችሉ ቀርተው ፕሬዚዳንቱ በዚያው ሌሊት ሞቱ። በዚያ ዘመን የተቈረጠን ትልቅ የደም ሥር መልሶ መጠገን የማይሞከር ነገር ነበር። ወጣቱ ካሬል ግን የተቀደደ ልብስ የሚሰፋ ከሆነ የተቈረጠ የደም ሥርስ ስለ ምን አይሰፋም ብሎ አሰበ።

ሐሳቡን በሥራ ለማዋልም ወደ ሌላ ሐኪም አልሄደም። የሄደው በሊዮን ወደምትገኝ አንዲት የጥልፍ ባለሙያ ሴት ነበር። ከእርስዋም በቀጭን መርፌና በቀጭን የሐር ክር መሥራትን ተማረ። ከብዙ ልምምድ በኋላ በ1902 ዓ.ም. ዘዴውን በጽሑፍ አወጣ። ዘዴው እንዲህ ነው። ሁለት የተቈረጡ የደም ሥሮችን አፍ ለአፍ ከገጠመ በኋላ፥ በዙሪያቸው በሦስት ቦታ በክር ያያይዛቸውና ሦስቱን ክሮች ይወጥራል። ያን ጊዜ ክብ የነበረው አፍ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሦስት ቀጥ ያሉ ጠርዞችን መስፋት ደግሞ ክብ ነገርን ከመስፋት ይቀላል። መርፌውንና ክሩን ቫዝሊን ይቀባቸው ስለ ነበረ፥ ደሙ ስፌቱ ላይ ረግቶ መንገዱን እንዳይዘጋ ይረዳው ነበር። የደም ሥርን የሚሰፉ ሐኪሞች እስከ ዛሬ በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ።

ካሬል በአገሩ ሳይመቸው ቀርቶ በ1904 ዓ.ም. ወደ ካናዳ፥ ከዚያም ወደ ቺካጎ ሄደ። በዚያም ከአሜሪካዊው ሊቅ ከቻርልስ ጋትሪ ጋር አብሮ ሠራ። ሁለቱ ሊቃውንት ከውሻ ላይ ደም መልስ ቈርጠው በደም ቅዳ ቦታ ሰፉት። ደም ቅዳ ከልብ የሚወጣውን ደም በከፍተኛ ግፊት የሚወስድ ወፍራም ሥር ሲሆን፥ ደም መልስ ግን ደሙን በዝግታ ወደ ልብ የሚመልስ ስስ ሥር ነው። ያ ስስ ሥር ግፊቱን ችሎ ደሙን አሳለፈ። ከጊዜ በኋላ ሲመረምሩት ግን ግድግዳው ወፍሮ አገኙት። ካሬል ይህን የተመለከተው በደስታ ነበር፤ ደም መልሱ አዲሱን ሥራውን ተለማምዶ ራሱን አጠነከረ ማለት ነውና። ይህን ነገር አንባቢያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

በ1906 ዓ.ም. ካሬል ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር የምርምር ተቋም ተዛወረ። በ1908 ዓ.ም. የአንድ ሐኪም ልጅ የሆነች አራስ ሕፃን ደም እየፈሰሳት ልትሞት ስትል፥ የአባቷን ደም ቅዳ ከሕፃኗ እግር ደም መልስ ጋር ሰፍቶ የአባቷ ደም ወደ እርስዋ እንዲገባ በማድረግ ከሞት አዳናት። በ1910 ዓ.ም. ደግሞ በውሻ ልብ ላይ ለደም ቅዳ ሌላ መንገድ ለማበጀት ሞከረ። ውሻው ብዙ ባይቈይም፥ ዛሬ ባይፓስ ለሚባለው የልብ ቀዶ ሕክምና ሐሳብ መነሻ ከሆኑት ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው። በ1912 ዓ.ም. በ39 ዓመቱ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱ ለእርሱ ብቻ ስለ ተሰጠ ጋትሪ ተረስቷል ብለው ያዘኑ ሰዎች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ካሬል ከዶሮ ሽል ልብ ጥቂት ሕዋሳት ወስዶ በጠርሙስ ውስጥ ማሳደግ ጀመረ። ሕዋሳቱ ከእርሱ ሞት በኋላ እስከ 1946 ዓ.ም. ስለ ቈዩ፥ ሕዋስ ተስማሚ ምግብ ካገኘ ለዘለዓለም ሊራባ ይችላል የሚለው ትምህርቱ በዓለም ተሰማ። በ1961 ዓ.ም. ግን አሜሪካዊው ሌናርድ ሄይፍሊክ የተለመደ ሕዋስ የሚራባው በተወሰነ ልክ መሆኑን አስረዳ። የካሬል ትምህርትም ወደቀ።

የካሬል ሌላ ስሕተት ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብዙ ወታደሮችን ቍስል ከመመርቀዝ ያዳነ ዘዴ ከእንግሊዛዊው ኬሚስት ከዴኪን ጋር ያበጀው ይኸው ሰው፥ በ1935 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ከባድ ወንጀል የሠሩ ሰዎችና ወንጀል የሠሩ የአእምሮ ሕመምተኞች በጋዝ እንዲገደሉ ሐሳብ አቀረበ። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜም ከጀርመን ጋር በተባበረው በቪሺ መንግሥት ሥር የአንድ ተቋም አለቃ ሆነ። ፓሪስ ነጻ ከወጣች በኋላ ከሥራው ተሻረ፤ ለፍርድ ሳይቀርብም በኅዳር ወር 1944 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተ። የእጅ ጥበብና የልብ ቅንነት ሁልጊዜ አብረው እንደማይገኙ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደዚያ ወደ ወፈረው ደም መልስ እንመለስ። በ1967 ዓ.ም. አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ከበሽተኛው እግር ደም መልስ እየወሰደ የልብን ደፋን ሥር የሚያልፍ አዲስ መንገድ ማበጀቱን ከጀመረ ወዲህ፥ ሕክምናው በዓለም ተስፋፋ። ብዙ ሕይወትም አተረፈ። ይሁን እንጂ ካሬል እንደ ጥንካሬ የቈጠረው መወፈር በሽተኞቹን መልሶ ያጠቃ ጀመር። ደም መልሱ ከእግር ሲወጣ ይጐዳል፤ ከዚያ ያልለመደው የደም ግፊት ይመጣበታል። በግድግዳው ውስጥ ያሉት የጡንቻ ሕዋሳት ይህን እንደ ቍስል ቈጥረው ይራባሉ፤ ወደ ውስጥም እያደጉ መንገዱን ያጠቡታል። በ10 ዓመት ውስጥ ከተሰፉት ደም መልሶች ግማሽ ያህሉ ይደፈናሉ ወይም በጣም ይጠባሉ። ሕዋስ ያለ ገደብ እንዲራባ የተመኘው ካሬል በሰፋው መንገድ ላይ፥ ተከታዮቹ የሕዋስን መራባት ለመግታት ይታገሉ ጀመር።

ይህን ለመግታት ከታሰቡት ዘዴዎች አንዱ የጂን ሕክምና ነው። ደም መልሱ ከእግር ወጥቶ ልብ ላይ እስኪሰፋ ድረስ ጥቂት ደቂቃዎች በሐኪሙ እጅ ይቈያል። መድኃኒቱን ለሰውነት ሁሉ ሳይሰጡ ለዚያ ሥር ብቻ ለመስጠት ይህ መልካም ጊዜ ነው። የአሜሪካ ሊቃውንት ኤዲፎሊጋይድ የተባለ አጭር የዲ.ኤን.ኤ. ቍራጭ ሠርተው ደም መልሱን በፈሳሹ ነከሩት። በሕዋስ ውስጥ የመራባትን ጂኖች የሚቀሰቅስ ኢ-ቱ-ኤፍ የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን በእውነተኛው ጂን ፈንታ ቍራጩን እንዲይዝ፥ በዚህም ተታሎ ሥራውን እንዲተው ነበር ዕቅዱ። ሙከራው በ3,014 የልብ በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ2005 ዓ.ም. ውጤቱ ተገለጠ። ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ሲመረመሩ፥ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 45 ከመቶ፥ ካልተሰጣቸውም 46 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ቢያንስ አንድ የተሰፋ ሥር ከሽፎ ተገኘ። ሕክምናው አልጠቀመም ማለት ነው።

ሊቃውንቱ ግን ሥራቸውን አልተዉም። ሌሎች ጂኖችን ጉዳት እንዳያደርስ በተሠራ ቫይረስ አማካይነት ወደ ሥሩ ግድግዳ ለማስገባት ይሞክራሉ። ሐኪሞችም በተቻለ መጠን ብዙ ዘመን ክፍት ሆኖ በሚቈየው በደረት ደም ቅዳ ይጠቀማሉ።

እንግዲህ ካሬል ሁለት ሥሮችን ማገናኘትን ለዓለም አስተምሯል። የተገናኘው ሥር እንዳይዘጋ መጠበቅ ግን ለመጪው ትውልድ የተረፈ ሥራ ነው። ወጣቶቻችን ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንዲማሩ እንመኛለን፤ ይኸውም የባለሙያን እጅ ከማንም ቢሆን ሳይንቁ መማርን፥ ደግሞም ዛሬ በጎ መስሎ የታየን ውጤት ነገ መልሶ መመርመርን ነው።