የጠማማ እግሮቹ ጌታ ጋሪንቻ

በዚህ የስፖርት ዓምዳችን ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስለ አሸናፊዎች ነው። ማን ዋንጫ ወሰደ፣ ማን ስንት ጎል አገባ እንላለን። ዛሬ ግን ሁለት ጊዜ የዓለም ዋንጫ ካነሣ በኋላ፣ ታላቅ ካደረገው ክለብ ጉልበቱ ሲደክም የተሸኘ፣ በተዛወረበትም ክለብ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው የወጣ ሰው ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ፔሌን የማያውቅ የለም። ጋሪንቻን ግን በመካከላችን ጠይቀን ስናይ ስሙን እንጂ ኑሮውን የሚያውቅ ጥቂት ሆነብን። የመረጥነውም ለዚህ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ስሙ ማኑኤል ፍራንሲስኮ ዶስ ሳንቶስ ይባላል። የተወለደው ኦክቶበር 28 ቀን 1933 ሲሆን፣ የትውልድ መንደሩ ፓው ግራንዴ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መንደር ነበረች። አባቱ የፋብሪካው ዘበኛ ነበር፤ መጠጥም ያበዛ ነበር። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ እግሮቹ ጠማማ ነበሩ። ቀኝ ጉልበቱ ወደ ውስጥ፣ ግራ ጉልበቱ ደግሞ ወደ ውጭ የታጠፈ ሆኖ፣ አንደኛው እግር ከሌላው በ6 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ሲቆም ነፋስ ወደ አንድ ጎን ያጎነበሰው ቁጥቋጦ ይመስል ነበር። ትንሽ በመሆኑም እህቱ በአካባቢው በምትገኝ አንዲት ትንሽ ወፍ ስም ጋሪንቻ ብላ ጠራችው። ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀረ።

በ14 ዓመቱ እሱም እንደ መንደሩ ልጆች ሁሉ ፋብሪካ ገባ። እውነቱን መናገር ካለብን ጎበዝ ሠራተኛ አልነበረም። ሥራ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ይጠፋል፣ ወፍ ሊያጠምድና ወንዝ ሊዋኝ ይሄዳል። እንዳይባረር ያደረገው ለፋብሪካው ቡድን ኳስ መጫወቱ ነው። እግሩን ያየ ሁሉ ኳስ ተጫዋች ነው ብሎ አያምንም ነበር። በአንድ ትልቅ ክለብ ሊፈተን ሄዶ የመጫወቻ ጫማ ስላልያዘ ብቻ እንደተመለሰም ይነገራል።

በ1953 ግን የሪዮው ቦታፎጎ ፈተነው። በዚያን ቀን የተመደበበት ተከላካይ ኒልቶን ሳንቶስ ሲሆን፣ ይህ ሰው የብራዚል ብሔራዊ ቡድን የግራ ተከላካይ ነበር። እንደሚተረከው ጠማማው ልጅ ኳሱን በእግሮቹ መሐል አሾልኮበት አለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ተናድዶ ልጁን ይጠልፈው ነበር። ኒልቶን ሳንቶስ ግን ወዲያው ክለቡ ልጁን እንዲያስፈርም አሳሰበ፤ ከዚያ ወዲያም የዕድሜ ልክ ወዳጁ ሆነ። ጋሪንቻ በዚያው ዓመት ለዋናው ቡድን ባደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ሦስት ጎል አገባ።

የጋሪንቻ አጨዋወት ምን ይመስል ነበር? የሚገርመው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በቀኝ ክንፍ ኳሱን ይዞ ከተከላካዩ ፊት ይቆማል። ወደ ግራ የሚሄድ ይመስልና ሰውነቱን ያዘነብላል፤ ከዚያ እንደ ጥይት በቀኝ በኩል ይወጣል። ተከላካዩ በቀኝ እንደሚወጣ ያውቃል። ተመልካቹም ያውቃል። ሆኖም መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜም ኳሱን ትቶ ባዶውን ይሮጥና ተከላካዩ ኳስ በሌለበት ሲከተለው ሕዝቡ በሳቅ ይፈነዳል። አብዶ የሚሠራው ሰው ለማዋረድ አልነበረም። እንደ ልጅ ጨዋታው ስለሚያስደስተው ነበር። ብራዚላውያንም የሕዝብ ደስታ የሚል ቅጽል አወጡለት።

በ1958 የዓለም ዋንጫ ስዊድን ውስጥ ሲዘጋጅ ብራዚል ከሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር ሄደች። ባለሙያው ተጫዋቾቹን በጽሑፍ ፈተነ፤ ጋሪንቻ ያገኘው ነጥብ ዝቅተኛ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ግጥሚያዎች አልተሰለፈም። ሦስተኛው ግጥሚያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ነበር። ጁን 15 ቀን ጋሪንቻና የ17 ዓመቱ ፔሌ አብረው ገቡ። ጨዋታው ተጀምሮ ደቂቃ ሳይሞላ የጋሪንቻ ኳስ የጎሉን ቋሚ መታች። ብራዚል 2 ለ 0 አሸነፈች። በፍጻሜው ስዊድን ቀድማ ብታገባም፣ ጋሪንቻ ሁለት ጊዜ በቀኝ ክንፍ ሰብሮ ለቫቫ አቀበለና ውጤቱ ተለወጠ። በመጨረሻም 5 ለ 2 ሆኖ ብራዚል ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ባለቤት ሆነች። ያ የፈተና ወረቀት የጋሪንቻን ችሎታ አልለካም ማለት ነው። ነገ ወረቀት የምናርም እኛ ይህን ልብ ማለት ይገባናል።

ትልቁ ዓመቱ ግን 1962 ነው። በቺሊው የዓለም ዋንጫ ፔሌ በሁለተኛው ግጥሚያ ተጎድቶ ወጣ። ሸክሙ በሙሉ በጠማማዎቹ እግሮች ላይ ወደቀ። በሩብ ፍጻሜ እንግሊዝ 3 ለ 1 ስትሸነፍ ሁለቱን ጎል ያገባው ጋሪንቻ ነው፤ አንደኛዋ በቴስታ ነበረች። በግማሽ ፍጻሜም አስተናጋጇን ቺሊን 4 ለ 2 ሲያሸንፉ እንደገና ሁለት አገባ። በዚሁ ግጥሚያ ሲመቱት ቆይቶ እሱም መልሶ በመምታቱ ከሜዳ ቢወጣም፣ ለፍጻሜው እንዲሰለፍ ተፈቀደለት። በፍጻሜው ትኩሳት ይዞት ተጫወተ፤ ቼኮዝሎቫኪያ 3 ለ 1 ተሸነፈች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ቦታፎጎ ባላንጣውን ፍላሜንጎን 3 ለ 0 አሸንፎ የሪዮን ሻምፒዮና ሲወስድ የጨዋታው ኮከብ እሱ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን አለ? ከዚህ በላይ የለም፤ ቁልቁለቱ የጀመረውም እዚህ ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ ጋሪንቻ ከቦታፎጎ ጋር ውል ሲፈራረም የሚፈርመው ባዶ ወረቀት ላይ ነበር። ደመወዙን የክለቡ ሹማምንት በኋላ ይሞሉታል። ክለቡ በየአገሩ እየዞረ የወዳጅነት ግጥሚያ ያደርግ ነበር፤ የሚከፈለው ገንዘብም ጋሪንቻ ሲኖር ከፍ፣ ሳይኖር ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ ጉልበቱ ቢያብጥም ማረፍ የለም። የሕመም ማስታገሻ መርፌ ይወጋና ይገባል። ጠማማ እግር ከሌላው ሰው እግር በላይ መገጣጠሚያው እንደሚያልቅ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ዓለም ካጨበጨበለት በኋላ እንደ ሌሎቹ ይከፈለኝ ብሎ ሲጠይቅ ከሹማምንቱ ጋር ተጋጨ። በ1964 ጉልበቱ በቀዶ ጥገና ታከመ፤ ነገር ግን የድሮው ፍጥነት አልተመለሰም።

በዚህ ላይ የቤት ጣጣው ተጨመረ። ከልጅነት ሚስቱና ከሴት ልጆቹ ተለይቶ ከታዋቂዋ ድምፃዊት ከኤልዛ ሶአሬስ ጋር መኖር በመጀመሩ ብዙ ሰው ፊቱን አዞረበት። ስድቡ የበዛው ግን በእሷ ላይ ነበር። መጠጡም እየባሰበት ሄደ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ትናንት በትከሻው የተሸከመው ሕዝብ ዛሬ ጣቱን ቀሰረበት።

በ1966 መጀመሪያ ላይ ቦታፎጎ ሸጠው። ከ600 በላይ ግጥሚያ የተጫወተለት፣ ከ240 በላይ ጎል ያገባለት ክለብ ነው። የገዛው የሳኦ ፓውሎው ኮሪንትያንስ ነበር። ይህም ትልቅ ክለብ ነው፤ ደጋፊው ብዙ ነው፤ ከ1954 ጀምሮ ግን የግዛቱን ሻምፒዮና ሳይወስድ የቆየ የተራበ ክለብ ነበር። ሕዝቡ የ1962ቱ ጋሪንቻ የሚመጣለት መስሎት ነበር። የመጣው ግን የ32 ዓመት፣ ጉልበቱ ያበጠ ሰው ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ ቡድኑ በቫስኮ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በቀኝ ይወጣል፤ ተከላካዩ ግን አሁን ይደርስበታል። የጋሪንቻ ብልሃት ያው ነው፤ የጠፋው ያቺ የግማሽ ሰከንድ ፍጥነት ናት። በጠቅላላ 13 ጊዜ ተሰልፎ 2 ጎል ብቻ አግብቶ ከኮሪንትያንስ ወጣ።

በመሐሉ የ1966 የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ አገር ተካሄደ። ጋሪንቻ ቡልጋሪያ ላይ በቅጣት ምት አንድ ጎል አገባ። ቀጥሎ ሃንጋሪ ብራዚልን 3 ለ 1 አሸነፈች። ለብሔራዊ ቡድኑ የተጫወተው 50ኛና የመጨረሻው ግጥሚያ ይህ ሲሆን፣ እሱ ተሰልፎ ብራዚል የተሸነፈችውም በዚህች አንዲት ቀን ብቻ ነው። ከፔሌ ጋር አብረው በገቡበት ግጥሚያ ደግሞ ብራዚል አንድም ቀን አልተሸነፈችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ እናልፈዋለን። በ1968 በኮሎምቢያ አንድ ግጥሚያ፣ ቀጥሎ በፍላሜንጎ ጥቂት፣ በ1972 በትንሹ ክለብ በኦላሪያ ጥቂት ተጫወተ። በ1969 መኪና እየነዳ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ የኤልዛ እናት ሞቱ፤ ይህ ሐዘን ከልቡ አልወጣም። ዲሴምበር 19 ቀን 1973 በማራካና ስታዲየም የስንብት ግጥሚያ ሲደረግለት ከ130 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ሕዝቡ ይወደው ነበር ማለት ነው። ለአንድ ቀን የሚሆን ፍቅር ግን የዕድሜ ልክ በሽታን አያድንም። ጋሪንቻ በመጠጥ ጠንቅ ጃንዋሪ 20 ቀን 1983 በ49 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ማራካና ውሎ፣ በእሳት አደጋ መኪና ተጭኖ፣ በየመንገዱ ዳር ሕዝብ እያለቀሰለት በትውልድ አካባቢው ተቀበረ። በዋና ከተማዋ በብራዚሊያ በ1974 የተከፈተው ስታዲየም በስሙ ተጠርቷል። ኤልዛ ሶአሬስም በ2022 በ91 ዓመቷ ስታርፍ ቀኑ ያው ጃንዋሪ 20 ሆነ።

ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ግማሾቻችን ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ጠጪ ነበር፣ ቤተሰቡንም በትኗል አልን። ግማሾቻችን ደግሞ የለም፣ ክለቡ እንደ ሎሚ ጨምቆ ጣለው አልን። ብዙ አምሽተን የተስማማነው ሁለቱም እውነት እንደሆኑ ነው። መጠጡን ማንም በግድ አላጠጣውም። መርፌውን የወጋው ግን እሱ አይደለም፤ ባዶውን ወረቀት ያቀረበለትም እሱ አይደለም።

እኛ የክለብ ሹም አንሆንም፤ መምህራን ነው የምንሆነው። በምንሄድበት ትምህርት ቤት እግሩ የጠመመ ልጅ ሊገጥመን ይችላል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ የሌሎቹን ልብስ እንዲጠብቅ ዳር ላይ ከማስቀመጣችን በፊት ኒልቶን ሳንቶስን እናስታውስ። ኳስ የሚችለውንም ልጅ እያጨበጨብንለት ከሒሳብና ከንባብ ክፍል እንዲቀር አንፍቀድለት። ዛሬ ማንበብና ማስላት የምናስተምረው ልጅ ነገ ባዶ ወረቀት ሲቀርብለት መጀመሪያ ይሞላ ብሎ መጠየቅ አለበት። የሚያጨበጭብ ሰው ሞልቷል፤ ይህን የሚያስተምረው ግን ከእኛ ሌላ ላይኖረው ይችላል።

ለዛሬው በዚህ እናበቃለን። ተቃራኒ አስተያየት ያላችሁ ጓደኞቻችን ጽፋችሁ ስጡን፤ ከዚሁ ጎን እንለጥፈዋለን።