የወፍጮ ቤቱ ልጅ፦ ተራራ እያቋረጠ የተጫወተው የኖርዌይ አዝማሪ

ከሊንደሩድ፣ ኦስሎ

ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ቀን ላሳርፈውና የአንድ አዝማሪ ታሪክ ላውጋችሁ። ሰውየው ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ከሞተም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የማውቀው ሰው ይመስለኛል። ፖለቲካውም ቢሆን ላሳርፈው ብል የሚያርፍ አልሆነም፤ ዝቅ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

ከምኖርበት ከሊንደሩድ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ መሐል ከተማ የወረደ ሰው፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ወደ አከርስሁስ ምሽግ አቅጣጫ ጥቂት በእግሩ ቢራመድ አንድ አሮጌ አዳራሽ ያገኛል። ጋምለ ሎገን ይሉታል። ፍሪሜሶኖች በ1830ዎቹ ያሠሩት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። እኔም ስደተኛ እንደ መሆኔ ከቢሮ ቢሮ ማመልከቻ ይዤ ስመላለስ ምንነቱን ሳልጠይቅ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። በዚያ አዳራሽ ጃንዋሪ 15 ቀን 1849 ምሽት፣ ኖታ የማያነብ አንድ የገጠር ሰው ቫዮሊኑን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ከፊቱ የተቀመጠው የዋና ከተማው ሹም፣ ነጋዴ፣ ተማሪና ባለቅኔ ነበር። ኦስሎ ያኔ ክርስቲያንያ ትባል ነበር።

የሰውየው ስም ቶርጌር አውጉንድሶን ነው። በዚህ ስሙ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚጠራው ሚላርጉተን ብሎ ነው። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ማለት ነው። በ1801 ግድም ቴሌማርክ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሳውሄራድ ላይ ተወለደ፤ ያደገው እዚያው አቅራቢያ ቦ በምትባል አገር ነው። አባቱ የውኃ ወፍጮ ጠባቂ ነበር፤ ቫዮሊንም ይጫወት ነበር። መሬት የሌለው ቤተሰብ ነው። እኛ አገር ጭሰኛ ስንል የምናውቀውን ዓይነት ኑሮ እዚህም ያውቁት ነበር። የዛሬዋን ባለ ነዳጅ ኖርዌይ ያየ ሰው ይህን ማመን ይቸግረዋል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ በመቶ ዓመት ውስጥ ስምንት መቶ ሺሕ ያህል ኖርዌጂያን አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ ተሰድዷል። ቴሌማርክም ቀድመው ሰው ከላኩት አገሮች አንዷ ናት።

የሚጫወትበት ቫዮሊን ተራው ቫዮሊን አይደለም። የሃርዳንገር ቫዮሊን ይባላል። ላይ ላዩን አራት ክር አለው፤ ከሥራቸው ደግሞ ደጋን የማይነካቸው ሌሎች አራት ወይም አምስት ክሮች ተዘርግተዋል። የላዩ ሲመታ የታቹ በራሱ ጊዜ ያስተጋባል። ለዚህ ነው አንድ ሰው ሲጫወተው ሁለት ሦስት ሰው የሚመስለው። ማሲንቆአችን በአንዲት የፈረስ ጭራ የሚሠራውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይደነግጣል፤ እኔስ ደንግጫለሁ። ቅኝቱም አንድ አይደለም፤ ከሃያ በላይ መቃኛ አለው። ዕንቁ ይለጠፍበታል፣ አናቱ ላይም አውሬ ይቀረጽለታል።

ባለሙያው ግን እንደ መሣሪያው አልተከበረም። ሠርግ ያለ ቫዮሊን ተጫዋች አይሆንም፤ ሙሽሮቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመራው እሱ ነው፣ ለቀናት የሚያስጨፍረውም እሱ ነው። በዚያው አፍ ደግሞ ሰባኪዎቹ መሣሪያውን የሰይጣን ነው ይሉ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን በሃይማኖት መነቃቃት ሰበብ ቫዮሊኑን አውጥቶ ያቃጠለ ገበሬ ብዙ ነው። ስለ ሚላርጉተንም እንዲህ ያለ ጥበብ ያገኘው ነፍሱን ሸጦ ነው ይባል ነበር። ለመደሰቻ የሚፈልጉትን ሰው ለመናቅ ምክንያት መፈለግ የእኛ አገር ብቻ አመል መስሎኝ ነበር። አዝማሪን ጋብዞ ልጁን ለአዝማሪ የማይድር ጌታ በየአገሩ አለ።

ሚላርጉተን እንጀራውን የፈለገው በእግሩ ነው። ከቴሌማርክ ወደ ምዕራብ ሃርዳንገርቪዳ የሚባለው አምባ አለ፤ ከ1100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ዛፍ የማይበቅልበት፣ በሰሜን አውሮፓ በስፋቱ ተወዳዳሪ የሌለው ሜዳ ነው። ለሰሜን ሸዋ ወይም ለስሜን ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ ብርዱና በረዶው ግን ሌላ ነው። ቫዮሊኑን በጀርባው ይዞ ያንን አቋርጦ ወደ ሃርዳንገር፣ ወደ ቮስና ወደ በርገን ይወርዳል። በተራራው ወዲያ ያለው ሰው አነጋገሩ ይለያል፣ አለባበሱ ይለያል፣ ከሁሉ በላይ ለአዝማሪ ጭንቅ የሆነው ነገር ጭፈራው ይለያል። ስፕሪንጋር የሚባለው ባለ ሦስት ምት ጭፈራ አለ፤ ሦስቱ ምት ግን በብዙ ቦታ እኩል አይደለም፣ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፤ የትኛው እንደሚረዝም ደግሞ ከሸለቆ ሸለቆ ይለያያል። የቴሌማርክን እግር ለለመደ ደጋን የቮስ ጨፋሪ አይነሳለትም። ጎጃም ያደገ አዝማሪ ራያ ገብቶ እንደሚፈተነው በሉት።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ጊዜ የሰማውን ዜማ እንደሚይዝ ነው የሚነገርለት። እንግዳ አገር ሲገባ አስቀድሞ ይሰማል፤ የእነሱን በእነሱ እግር ይመታላቸዋል፤ ሰዉ ከተነሳለት በኋላ የራሱን ያስከትላል። ሰጥቶም ወስዶም ይመለሳል። በቴሌማርክ የተሰማው የምዕራብ ዜማ፣ በምዕራብ የተሰማው የቴሌማርክ ዜማ አብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጀርባ ነው የተሻገረው። ጨፋሪው ካልወደደለት የዚያን ዕለት፣ እዚያው፣ ፊት ለፊት ይታወቃል፤ ከወደደለትም ሳንቲሙ እዚያው ይመጣል። ለእኔ የዚህ ሰው ትልቁ ዘመን ይህ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ግን ቶሎ አልፈውት ወደ አዳራሹ ይሮጣሉ።

አንድ ሰው ሳላነሳ አልሄድም። ሆቫርድ ጊቦኤን ይባላል። ሙስ ከሚባለው ሐይቅ ዳር የሚኖር፣ በዕድሜ የሚያንስ፣ ነገር ግን የዜማ ጎተራ የሆነ ሰው ነበር። ሚላርጉተን እሱ ዘንድ እየሄደ ተምሯል። ጊቦኤን አልዞረም፤ ስለዚህ ስሙ እንደ ሌላው አልገነነም። የቤት ሰውና የመንገድ ሰው ዕድላቸው ይለያያል።

በ1831 በርገን ላይ ሚላርጉተን ከአንድ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ጋር ተገናኘ። ኡሌ ቡል ነው፤ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ስሙ የናኘው የቫዮሊን ጌታ። የፋርማሲ ባለቤት ልጅ ነበር። ገጠሬውን አስጠግቶ ዜማውን ተማረ፤ በዚያው ዓመት ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1833 ፓሪስ ላይ የሃርዳንገሩን ቫዮሊን ይዞ ለፈረንሳዮች አሰማ። ዜማው ከባለቤቱ ቀድሞ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው መጣን፤ መቼም አይቀርም። ኖርዌይ ለአራት መቶ ዓመት ያህል በዴንማርክ ሥር ቆይታ በ1814 ሕገ መንግሥት አወጣች፤ በዚያው ዓመት ግን ከስዊድን ንጉሥ ሥር ወደቀች። እስከ 1905 እንዲያ ቆየች። ምክር ቤት አላት፣ ንጉሥዋ ስዊድናዊ ነው፤ የጽሑፍ ቋንቋዋ የዴንማርክ ነው፤ የክርስቲያንያ ቲያትር ተዋንያን በአብዛኛው ዴንማርካዊ ናቸው። የተማረው ወጣት እኛ ማን ነን የሚል ጥያቄ ይዞ መልሱን ገጠር ሄዶ መፈለግ ጀምሮ ነበር፤ ተረት ይሰበሰባል፣ የገጠር ሠርግ በሥዕል ይሣላል። በ1848 ፓሪስ አብዮት ሲፈነዳ ቡል እዚያው ነበር፤ የአገሩን ሰዎች አስከትሎ አዲሲቱን ሪፐብሊክ ደስ ያለሽ ሊል ሄደ። በዓመቱ መጨረሻ ያ መንፈስ እንደ ያዘው አገሩ ገባ፤ ሚላርጉተንንም አስጠራ።

ስለዚህ ያ ምሽት ሙዚቃ ብቻ አልነበረም። ከሺሕ በላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። ሚላርጉተን ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። የሠርግ ዜማውን፣ የጭፈራውን ዜማ ተጫወተ፤ የሚጨፍር ግን የለም። ሁሉም ተቀምጦ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ጭብጨባ ሆነ፤ የከተማው ሰው በዚያ ድምፅ ውስጥ አገሩን ሰማሁ አለ። እውነቱንም ነው። በዚያ መድረክ የተጫወተው ሰው ራሱ ስለዚያ ምሽት የጻፈውን ነገር እኔ አላየሁም።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። በአገር ቤት ሳለሁ በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ስለ አንድ የባህል ትርዒት ዘገባ መጣልኝ። ልጁ፣ ማለት ሪፖርተሩ፣ የማሲንቆ ተጫዋቹን ስም፣ የመጣበትን መንደርና ስንት ቀን ተጉዞ እንደ ደረሰ ጽፎ ነበር። ቦታ ጠበበኝ። የባለሥልጣናቱን ስም ዝርዝር መቁረጥ አይቻልም፤ ስለዚህ የአዝማሪውን አራት መስመር ቆረጥኩ። ፎቶግራፉ ወጣ፤ ከሥሩ የባህል ቡድኑ አባል የሚል ተጻፈበት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልተቆጣኝም። ሕዝቡ በትርዒቱ ኩራቱን ገለጸ ብለን ዘገብን።

ከዚያ ምሽት በኋላ ሚላርጉተን በከተሞች እየዞረ ኮንሰርት ማሳየት ጀመረ። መንገዱ ያው መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላ ነው። ቀድሞ ሠርግ ያለበትን ቤት ጠይቆ ይገባ ነበር፤ አሁን ትኬት የሚገዛ ሰው ያስፈልገዋል። ለመስማት ብቻ የሚሆን ረዘም ያለ ዜማ በመጫወት ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ እሱ ነው፤ ጨፋሪ የሌለበትን አዳራሽ በዚህ ሊሞላው ሞከረ። ከኮንሰርቱ ባገኘው ገንዘብ ራውላን ውስጥ ኮሲ የሚባል የእርሻ ቦታ ያዘ። መሬት የሌለው የወፍጮ ጠባቂ ልጅ ባለመሬት ሆነ ብለን ደስ እንዳይለን፣ የከተማው ሰው ጉጉት ዘላቂ አልነበረም። አንድ ጊዜ አገሩን የሰማ ሰው ሁለተኛ ትኬት ለመግዛት አይቸኩልም። ቡል ራሱ በ1852 ፔንስልቬንያ ውስጥ ኡሌአና የሚል የኖርዌጂያን ሰፈራ መሥርቶ በዓመቱ ከስሮ ወጣ፤ ያም ሰው በሕልም እንጂ በሒሳብ የሚኖር አልነበረም። ቡል ግን ቢወድቅ የሚነሳበት ስምና ዓለም ነበረው። ሚላርጉተን ኖቬምበር 21 ቀን 1872 ኮሲ ላይ በድህነት ሞተ። ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። ጊቦኤን በዓመቱ ተከተለው።

እኛም ኦስሎ ውስጥ እናውቀዋለን፤ ዘፋኝ ከአገር ቤት ይመጣል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ሌሊቱን ሙሉ ባንዲራ ይውለበለባል፣ እንባም ይፈስሳል። ከዓመታት በኋላ ያው ሰው ታመመ ተብሎ የእርዳታ ማሰባሰቢያ በየስልካችን ይዞራል። ያለው ሃያ ክሮነርም ቢሆን ይሰጣል፤ እኔ ይህን ለመንቀፍ አፍ የለኝም፣ የቆረጥኳቸው አራት መስመሮች አሉብኝ።

ዜማው እንዴት ተረፈ? በአንድ ግትር ሽማግሌ ነው። ክኑት ዳሌ ይባላል፤ ከሚላርጉተንም ከጊቦኤንም የተማረ የቴሌማርክ ሰው። በ1888 ለታላቁ ሙዚቀኛ ለኤድቫርድ ግሪግ ደብዳቤ ጻፈ፤ የጌቶቹ ዜማ ከእሱ ጋር እንዳይቀበር አንድ ሰው እንዲጽፍለት ለመነ። በዚያው ዓመት ቦ ላይ፣ ሚላርጉተን ባደገበት አገር፣ የመጀመሪያው የቫዮሊን ተጫዋቾች ውድድር ተደረገ፤ ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ደብዳቤው ግን ቶሎ ፍሬ አላፈራም። ዳሌ ደግሞ ጻፈ። በመጨረሻ በ1901 ግሪግ ለጓደኛው ለዮሃን ሃልቮርሰን አደራ ሰጠውና ሽማግሌው ወደ ክርስቲያንያ መጥቶ ተቀመጠ። እሱ ይጫወታል፣ ሃልቮርሰን ይሰማል፣ ይጽፋል። አሥራ ሰባት ዜማ ተጻፈ። ሃልቮርሰን እኩል ያልሆነውን ምት ለመያዝ ምን ያህል እንደ ተቸገረ መገመት አያዳግትም። ግሪግ እነዚያን አሥራ ሰባቱን ለፒያኖ አዘጋጅቶ በ1903 አሳተመ።

ከእነዚያ ውስጥ ስምንተኛው የሙሽራ ሰልፍ ነው። ሚላርጉተን የወደዳት ካሪ የምትባል ሴት ትታው ሌላ ስታገባ ያወጣው ዜማ እንደ ሆነ ግሪግ ጽፏል። ለሌላ ሰው ሠርግ የሚሆን ዜማ ከራሱ ኀዘን አወጣ። ያን የሙዚቃ ወረቀት በቤተ መጻሕፍት ተውሼ አየሁት፤ ኖታ ማንበብ አልችልም፣ ከላይ የታተመውን ግን አነበብኩ። ከማን እንደ ተገኘ ስሙ አለ፦ ሚላርጉተን።

እኔ የቆረጥኩትን ስም ለማስታወስ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። የሪፖርተሩን የእጅ ጽሑፍ አስታውሳለሁ፣ ሰማያዊ ቀለም ነበር። የአዝማሪው መንደር ከወንዝ ማዶ እንደ ነበረና ወንዙ ሞልቶ አንድ ሌሊት እንዳሳደረው ተጽፎ ነበር። ስሙ ግን ጠፋኝ።