ጌይ-ሉሳክ እና የመስፈሪያው እውነት

ለእኛ ለካርቲየ 3 ልጆች ስለ ሙቀት ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሙቀት መስፈሪያን እንደሚያሳስት ግን ሁላችንም ላናውቅ እንችላለን። ይህን በስሌት እንድናርም ከረዱን ሰዎች አንዱ በኬሚስትሪ ትምህርት ስሙን የምናውቀው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሉዊ ጌይ-ሉሳክ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1778 ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን አባቱ ታስረው ነበር፤ እሱ ግን በትምህርቱ ገፍቶ ፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። በ1802 ጋዞች ሲሞቁ ምን ያህል እንደሚሰፉ አሳየ። በ1804 የአየር ሙቀትን ለመለካት ብቻውን በባሉን ከ7,000 ሜትር በላይ ወጣ።

በዚያ ዘመን አልኮል የሚቀረጠው በጥንካሬው ነበር፤ ያው በርሜል ግን በበጋና በክረምት የተለያየ ልክ ያሳይ ነበር። ጌይ-ሉሳክ በ1824 ለ15 ዲግሪ ሴልሺየስ የተሠራ ተንሳፋፊ መለኪያና ለሌላው ሙቀት የማረሚያ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። በ1850 አረፈ።

ዛሬም በነዳጅ ማከማቻዎች የፈሳሹ ከፍታና ሙቀት አብረው ይለካሉ፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ወደ 15 ዲግሪ ይመለሳል። ከጅቡቲ 40,000 ሊትር ናፍጣ የጫነ ቦቴ ደጋ ሲወጣ ነዳጁ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ጠብታ ሳይፈስ ከ300 ሊትር በላይ ይቀንሳል። ሙቀቱን ያልለካ ሰው ሾፌሩን ሌባ ይለዋል። እኛም በቤተ ሙከራ ከልኬታችን ጎን ሙቀቱን እንጻፍ፤ የሰው ስም ሊያድን ይችላልና።