ኤድዋርድ ጄነርና የክትባት ክርክር

ክትባት ይዞ ወደ መንደር የወጣ የጤና ሠራተኛ ሁሉ አንድ ቀን የሚያጋጥመው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መርፌው መካን ያደርግ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። ሥጋቱ አዲስ አይደለም። ክትባት ሲወለድ ስለ ሰው ዘር የነበረው ፍርሃት አብሮት ተወልዷል። ስለዚህ የመጀመሪያውን የክትባት ሐኪም ሕይወት መለስ ብሎ ማየት ለሙያ ባልደረቦቻችን ይጠቅማል። ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኤድዋርድ ጄነር በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሺር አውራጃ፣ በርክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ በሜይ 17 ቀን 1749 ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በ5 ዓመቱ አባቱ ሞተበት። በ8 ዓመቱ እንደ ዘመኑ ልማድ ፈንጣጣ ተከተበ። ያን ጊዜ መከተብ ማለት ከበሽተኛ ቁስል የተወሰደ መግል በጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ አግብቶ ቀለል ያለ ፈንጣጣ ማስያዝ ነበር። ዘዴው በቱርክ፣ በሕንድ፣ በቻይና፣ በአገራችንም በአንዳንድ ክፍሎች የታወቀ ነበር። ከተከተቡት አብዛኞቹ ይድኑ ነበር፤ ጥቂቶቹ ግን ይሞቱ ነበር፤ የዳኑትም በሽታውን ለጎረቤት ሊያስተላልፉ ይችሉ ነበር።

ጄነር በልጅነቱ ከአንድ የገጠር ቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ ሙያ ተምሮ፣ በ1770 ወደ ሎንዶን ሄደ። እዚያ መምህሩ የነበረው ስመ ጥሩው ጆን ሀንተር ተማሪዎቹን ከመላ ምት ይልቅ ሙከራን ያስቀድሙ ዘንድ አስተማራቸው። በ1773 ወደ በርክሊ ተመልሶ ገበሬውን ማከም ጀመረ። ስለ ኩኩ ወፍ ጠባይ ያደረገው ጥናት በ1789 የሎንዶን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል አደረገው።

በአገሩ ላም አላቢ ሴቶች ዘንድ፣ የላም ፈንጣጣ የያዘው ሰው የሰው ፈንጣጣ አይዘውም የሚል እምነት ነበረ። ቤንጃሚን ጀስቲ የተባለ ገበሬ በ1774 ይህን አምኖ ሚስቱንና ልጆቹን ከላም በተወሰደ መግል ከትቧል። የጄነር ድርሻ እምነቱን መፈተንና መጻፍ ነው። በሜይ 14 ቀን 1796 ከላም አላቢዋ ከሳራ ኔልምስ እጅ ፈሳሽ ወስዶ ጄምስ ፊፕስ የተባለ የ8 ዓመት ልጅ ከተበ። በጁላይ ወር ልጁን በእውነተኛ ፈንጣጣ መግል ቢከትበው አልያዘውም። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በሕፃን ላይ ማድረግ በሙያችን ሥነ ምግባር የተከለከለ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም። ንጉሣዊው ማኅበር ጽሑፉን ሳያትምለት ስለ ቀረ፣ በ1798 በራሱ ወጪ አሳተመው።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። ዶክተር ቤንጃሚን ሞዝሊ የእንስሳ ፈሳሽ የሰውን ጠባይ እንደሚለውጥ፣ ሴቶችም በሬ ሊመኙ እንደሚችሉ በጽሑፍ አስፈራራ። ዶክተር ዊልያም ራውሊ በ1805 ባወጣው መጽሐፍ ፊቱ ወደ በሬ ተለወጠ ያለውን ልጅ ሥዕል አተመ። ሠዓሊው ጀምስ ጊልሬይ በ1802 ከተከታቢዎች ገላ ላም ሲበቅል የሚያሳይ የቀልድ ሥዕል አወጣ። ከነዚህ ሁለቱ የተማሩ ሐኪሞች እንደ ነበሩ ልብ ይሏል።

ነገር ግን ጥርጣሬው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። በ1799 በሎንዶን የፈንጣጣ ሆስፒታል የተሠራበት ክትባት ከእውነተኛ ፈንጣጣ ጋር ተደባልቆ ብዙዎችን አሳመመ። ከክንድ ወደ ክንድ የሚደረገው ክትባትም ቆይቶ፣ በ1861 በኢጣሊያ ሪቫልታ በተባለ ስፍራ ቂጥኝን በሕፃናት ላይ አዛመተ። ጄነር ራሱ አንድ ጊዜ የተከተበ ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል ብሎ ተከራከረ፤ ስሕተት ነበር፤ ክትባቱ ይደክማልና መደገም ነበረበት። ይህን ቶሎ አለመቀበሉ ለተቃዋሚዎቹ መሣሪያ ሆነ።

ፓርላማው በ1802 10,000፣ በ1807 ደግሞ 20,000 ፓውንድ ሸለመው። ኑሮው ግን ከኀዘን አልራቀም፤ የበኵር ልጁ በ1810፣ ሚስቱ በ1815 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። እርሱም በጃንዋሪ 26 ቀን 1823 ዐረፈ። ጄምስ ፊፕስ ቀብሩ ላይ ተገኝቷል። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የታየው በ1976 ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ1980 በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። የተከተበው ትውልድ ወልዶ ከብዷል፤ ከልጆቹም ቀንድ ያበቀለ የለም።

ሆኖም ሥጋቱ መልኩን እየለወጠ ይመለሳል። በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖ፣ የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን ያመክናል የሚል ወሬ ተነሥቶ ዘመቻው ተቋረጠ። የካኖ ሕዝብ በ1996 በከተማው በታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረገውን የመድኃኒት ሙከራ አልረሳም ነበር። ክትባቱ ተመርምሮ ዘመቻው በ2004 ቢቀጥልም፣ ቫይረሱ ድንበር ተሻግሮ ለጥቂት ዓመታት ከበሽታው ነፃ ሆና ወደ ቆየችው ኢትዮጵያ ጭምር ገባ።

እንግዲህ የጄነር ሕይወት ለሙያችን የሚተወው ምክር ይህ ይመስለናል። ስለ ልጇ የምትፈራ እናት በመሳቂያነት አትመለስም። ወሬውን በማስረጃ እንመልስ፤ እውነተኛ ጉዳት ሲደርስ ግን ሌላው ሳያወራው በፊት እኛው እንናገር። እምነት አንዴ ከጠፋ፣ ክትባቱ በሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ በሽታው ግን ሥራውን አያቆምም።