አቡነ ቴዎፍሎስና የሰበካ ጉባኤ ምርጫ

የሰበካ ጉባኤ ምርጫ በመጣ ቁጥር እዚህ ባኮ ከገበያው እስከ ልቅሶው ድንኳን የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማንን እንምረጥ ነው። ምርጫው ራሱ ከየት እንደ መጣ፣ ያመጡትስ አባት ምን እንደ ደረሰባቸው ግን ብዙ ሲነገር አንሰማም። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የሁለተኛውን ፓትርያርክ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን ሕይወት ባጭሩ ልናወሳ ወደድን። እድራችን ውስጥ የሌላ እምነት ተከታዮች እንዳሉ አልዘነጋንም። ቢሆንም መዋጮ አዋጥቶ፣ ሰው መርጦ፣ ሒሳብ መጠየቅ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነውና ታግሠው እንዲያነቡን እንለምናለን።

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው መልእክቱ ነው። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። ኋላም መነኮሱና በ1940 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ጵጵስና ከተቀበሉት አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ሆነው ለሐረር ተሾሙ። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን የበላይ አባት ለብዙ መቶ ዓመታት ከግብፅ ሲመጣ ኖሯልና፣ ያ ሹመት ትልቅ ለውጥ ነበረ። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ ጥቅምት 1963 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አቡነ ቴዎፍሎስ በዚያው ዓመት ግንቦት 1 ቀን መንበሩን ተረከቡ። አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት ካይሮ ሄደው ነበር፤ እሳቸው ግን በአገር ቤት በመሾም የመጀመሪያው ናቸው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ ሕግ በሳቸው ዘመን ወጣ። ዓዋዲ ማለት አዋጅ ነጋሪ ነው፤ እኛ በእድራችን ጡሩምባ ነፊ የምንለው ዓይነት ሰው መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት አለቃውም ገበዙም ከላይ ይሾማሉ፤ ምእመኑ ጧፍና ዕጣን ያመጣል፣ በክብረ በዓል ይደግሳል፣ ጣሪያ ሲያፈስ ያዋጣል እንጂ በአስተዳደሩ ላይ በሕግ የታወቀ ድምፅ አልነበረውም። ሕጉ ይህንን ለወጠው። የአጥቢያው ሰው ይመዘገባል፣ በየጊዜው አስተዋፅኦውን ይከፍላል፣ ተሰብስቦም ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል ወኪሎቹን ይመርጣል። ሊቀ መንበሩ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ሲሆን ምክትሉ ከምእመናን ነው። ከአጥቢያው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ሀገረ ስብከት፣ እያለ አዲስ አበባ በየጥቅምቱ እስከሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ይደርሳል። ሕጉ ደጋግሞ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ታዲያ ሕጉ ጥሩ ነው ብለን ዝም አንልም። ስሙ ከፍ ያለ ነው፣ መኪና አለው፣ አፉ ይቀናዋል ብለን እጃችንን ያወጣንለት ሰው፣ ከምርጫው ቀን በኋላ ስብሰባ ላይ አይታይም። ደረሰኝ የሚቆርጠው፣ ሣጥኑ ሲከፈት ቆሞ የሚቆጥረው ጭምቱ ጎረቤታችን ግን ማንም አይጠቁመውም። እንደኛ አስተያየት መጠቆም ያለበት እሱ ነው። ሴቶችንም ለድግሱ ብቻ መፈለግ ይቅር፤ ጓዳ የሚያስተዳድር ሰው ገንዘብ መያዝ አያቅተውም።

ሕጉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታም ተከተለ። በእኛ አካባቢ ጭሰኛ ለነበረው ገበሬ መሬት ላራሹ እፎይታ ነበረ፤ ይህንን መካድ አይገባም። ካህኑ ግን የሚበላበት መሬት ከእጁ ወጣ። መቅደሱ ማን ያገለግልበት ነበር? መልሱ የሰበካው መዋጮ ነው። ምእመኑ መዝገቡ ላይ የተጻፈው፣ ወኪሎቹም የተመረጡት ቀድሞ ነውና፣ በየአጥቢያው ገንዘብ የሚሰበስብና ለአገልጋይ የሚከፍል አካል አልታጣም። አቡነ ቴዎፍሎስ መሬቱ እንደሚወሰድ አስቀድመው ተረድተው ይሁን አይሁን ለመፍረድ አንደፍርም፤ ሥራው ግን በሰዓቱ ደረሰ።

እሳቸው ራሳቸው ግን አልሰነበቱም። ደርግን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ ተብለው የካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱና ታሰሩ። ከሦስቱ አንዱ ኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው፤ እሳቸውም ዓመታት ታስረዋል። በዚያው ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሦስተኛ ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ፣ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው በሕይወት ሳሉ ሌላ አንቀበልም አለች። ምእመኑ የአጥቢያ ወኪሉን እንዲመርጥ ሕግ ያወጡት አባት፣ ከመንበራቸው ሲወርዱ ማንም ምእመን አልተጠየቀም።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት በምሥጢር ተገደሉ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተወስደው ተገደሉ። ቄስ ጉዲና በባኮ በኩል አልፎ ነቀምት የሚደርሰው መንገድ የሚወስድበት የወለጋ አገር ልጅ ናቸው። ለሁለቱም ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። የአቡነ ቴዎፍሎስ ሞት እንኳ በይፋ ስላልተነገረ፣ ምእመኑ አልቅሶ አልወጣለትም፤ እድርተኛ ሆኖ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የማይገባው የለም። እንዲህ ሆኖ 13 ዓመት አለፈ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው ተፈልጎ ወጣ፤ ፍትሐትም ተደርጎለት አዲስ አበባ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ተቀበረ።