እቴጌ መነንና የቤተ ዘመዱ ፎቶግራፍ

የሰው ታሪክ ከትውልዱ ተለይቶ አይነገርም። የአባትና የወንድ አያት ታሪክ በጦር ሜዳ ወሬና በሹመት መዝገብ ሲገኝ፣ የእናትና የሴት አያት ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀርልን በቤት ውስጥ ወግና በግድግዳ ላይ በተሰቀለ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። እቴጌ መነን አስፋውን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው ዘውድ ጭነው በተነሡት ፎቶግራፍ ነው። እኛ ግን ዛሬ የወሎ ልጅ፣ የብዙ ልጆች እናትና አያት አድርገን እንመለከታቸዋለን።

እቴጌ መነን የተወለዱት መጋቢት 25 ቀን 1883 ዓ.ም. ከላስታ ደጋ በስተደቡብ በሚገኘው በአምባሰል፣ እጓ በተባለው ስፍራ ነው። አባታቸው የአምባሰሉ ገዥ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ናቸው። በደሴ ከተማ ያለው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በእኒሁ እናታቸው ስም ነው። ልጅ ኢያሱም የእናታቸው ወንድም ነበሩ። እንደ ዘመኑ የመሳፍንት ልማድ መነን ገና በልጅነታቸው ተድረው ነበር፤ ኋላም በ1903 ዓ.ም. ከሐረርጌው ገዥ ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ተጋቡ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ታላቅ ፈተና መጣ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት በአንደኛው ወገን የመነን አያት፣ በሌላው ወገን ባላቸው ቆመው ነበር። ልጃቸው አስፋ ወሰን የሦስት ወር ሕፃን ነበሩ። ባል ቢሸነፉ ሕፃኑ አባት የሚያጣ፣ አያት ቢሸነፉ የእናታቸው ቤት የሚፈርስ ሆነ። ድሉ የሸዋ ሆኖ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ዛሬ የንጉሥ ሚካኤልና የራስ ተፈሪ ፎቶግራፍ ጐን ለጐን ሲታይ ሁለቱም የአንድ ቤት ታላላቆች ይመስላሉ። ነገሩም እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ወገን በአንድ ደም አስተሳስረው የኖሩት መነን መሆናቸውን ፎቶግራፉ አይናገርም።

በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ያነሡ የነበሩት በተለይ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ነበሩ። ፎቶግራፍ ሳይመጣ በፊት ግን የቤተ ዘመድ መታሰቢያ የነበረው ስም ነው። መነን ከተፈሪ የወለዷቸው የመጀመሪያ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ የራስ መኰንንን እናት ስም ይዘዋል፤ ልዑል መኰንን የአያታቸውን፣ የመጨረሻው ልጅ ሣህለ ሥላሴም የሸዋውን ንጉሥ ስም ወርሰዋል። እንዲህ ሆኖ ልጅ በተጠራ ቁጥር ያለፈው ትውልድ ይታወስ ነበር።

መነን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር ዘውድ ጫኑ። በሚቀጥለው ዓመት በ1924 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሴት ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መላክ ገና እንግዳ በነበረበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የማይጨው ጦርነት በ1928 ዓ.ም. ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በላስታ በኩል ሲመለሱ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ገብተው ጸሎት አደረጉ። ወዲያው ስደት ሆነ፤ እቴጌይቱም ከቤተሰባቸው ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ኋላም በእንግሊዝ አገር ወደ ባዝ ከተማ ሄዱ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። ስድስት ልጆች ያለ አባት ቀሩ። ከዚህ በኋላ የእቴጌ መነን አያትነት የክብር ስም ብቻ መሆኑ ቀረ፤ አባት ለሌላቸው የልጅ ልጆች ጥላ መሆን ነበረባቸው። በስደት ዘመን የተነሡትን የቤተሰብ ፎቶግራፎች የሚመለከት ሰው ከተሰለፉት ይልቅ የጐደለውን ሰው ቢፈልግ ታሪኩን በተሻለ ያገኘዋል።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነጻ ወጥቶ ሲመለሱም ኀዘኑ አላቆመም። ልዕልት ዘነበወርቅ ከጦርነቱ በፊት ሞተው ነበር። በእንግሊዝ አገር የሕመምተኛ ማስታመም ሙያ የተማሩት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ዐረፉ። በ1949 ዓ.ም. ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ። እቴጌይቱ ራሳቸው የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በስደት ካደጉት የልጅ ልጆች አንዱ እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ልዕልት ተናኘወርቅና ሴቶች ልጆቻቸውም እስከ 1980 ዓ.ም. ታስረው ኖሩ።

እንግዲህ ፎቶግራፍ መልክን ያቆያል እንጂ የተከፈለውን ዋጋ አይጽፍም፤ ያን የሚያውቀው የሚያስታውስ ሰው ነው። በታላላቆች ቤት እንዲህ ከሆነ በየቤታችንም እንዲሁ ነው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣ ተማሪ፣ ለዕረፍት ወደ ላስታ የሚመለስ ወጣት ሹም፣ በወላጆቹ ቤት የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርዶ ከአያቱ ዘንድ ይቀመጥ። ይህች ማን ናት፣ የማን ልጅ ናት፣ ከማን ጋር ተጣልታ ከማን ጋር ታረቀች ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከነዓመተ ምሕረቱ በጀርባው ላይ ይጻፍ። አያት ካለፈች በኋላ ፎቶግራፉ ቢቀርም የሚያስረዳው አይገኝም።