ከአል-ጃሒዝ ሕይወት ለንባባችን ምን እንማራለን?

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት በራሴ ቤት ከተፈጸመ ጥፋት ተነስቼ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የ12 ዓመት ልጄ ስለ ነፍሳት የሚያወሳ መጽሐፍ ከጎረቤት ተውሳ ስታነብ አገኘኋት። ቁርኣኗን ቀርታለች፣ የትምህርት ቤት የቤት ሥራዋንም ጨርሳለች። ቢሆንም ስለ ጉንዳንና ስለ ዝንብ ማንበብ ለዱንያም ለአኺራም እንደማይጠቅማት ነግሬ መጽሐፉን ከእጇ ወሰድኩት። ልጅቷ ምንም አልመለሰችልኝም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ በወጣትነቴ ታሪካቸውን ያነበብኩት አንድ ዓሊም ትዝ አሉኝና አፈርኩ።

እኚህ ሰው አቡ ዑስማን ዐምር ኢብን በሕር ናቸው። ዓይኖቻቸው ወደ ውጭ ጎላ ያሉ ስለነበሩ ዓለም የሚያውቃቸው አል-ጃሒዝ በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው። የተወለዱት በዛሬይቱ ኢራቅ በበስራ ከተማ፣ በ160 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ776) ገደማ ነው። ቤተሰባቸው ድሃ ነበር። አያታቸው ግመል ነጂ የሆኑ ጥቁር ሰው እንደነበሩ ይነገራል። እርሳቸውም በወጣትነታቸው በከተማው ቦይ ዳር ዳቦና ዓሣ ይሸጡ እንደነበር ተጽፏል።

ድህነት ግን ከዒልም አላገዳቸውም። ከቋንቋ ሊቃውንቱ ከአል-አስመዒይና ከአቡ ዑበይዳ ተማሩ። ሚርበድ በተባለው የበስራ ገበያም ከበረሃ የሚመጡትን ዐረቦች ንግግርና ግጥም አዳመጡ። ዘመኑም ረድቷቸዋል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በባግዳድ ወረቀት መሠራት በመጀመሩ ኪታብ በርክቶ ነበር፤ የግሪክ፣ የፋርስና የሕንድ መጻሕፍትም ወደ ዐረብኛ ይተረጎሙ ነበር። አል-ጃሒዝ እጃቸው የገባውን ኪታብ፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሳይጨርሱ እንደማያስቀምጡና የኪታብ ነጋዴዎችን ሱቅ እየተከራዩ እዚያው እያነበቡ ያድሩ እንደነበር በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ኢብን አን-ነዲም ዘግበውታል።

ስለ እናታቸው የሚተረከውም እኔን በቀጥታ የነካኝ ነው። አንድ ቀን ምሳ ቢጠይቋቸው እናት በምግብ ፈንታ ደብተር የሞላበት ትሪ አቀረቡላቸው ይባላል፤ ንባብህ የሚያበላህ ከሆነ ብላ ለማለት ነው። ልጅ አዝነው ወደ መስጊድ ሄዱ። እዚያ ያገኟቸው አንድ ባለሀብት ነገሩን ሲሰሙ 50 ዲናር ሰጧቸው፤ እርሳቸውም ዱቄትና ሌላ አስቤዛ በተሸካሚ አስጭነው ገቡ። እናት ከየት እንደመጣ ቢጠይቁ፣ በትሪ ካቀረቡልኝ ደብተሮች ነው የሚል መልስ አገኙ።

ከዚያ ወዲህ ጽሑፋቸው ኸሊፋው አል-መእሙን ዘንድ ደርሶ ወደ ባግዳድ ወሰዳቸው። ስለ አንደበት ርቱዕነት አል-በያን ወት-ተብዪንን፣ ስለ ንፉጎች አል-ቡኸላእን፣ ስለ እንስሳት ደግሞ ብዙ ቅጽ ያለውን አል-ሐየዋንን ጻፉ። ጥቁር ሕዝቦችን በሚመለከተው መልእክታቸውም የሐበሻውን ነጃሺንና ቢላልን (ረ.ዐ.) በክብር አንስተዋል።

አል-ሐየዋንን ልብ እንበል። አል-ጃሒዝ የአሪስጣጣሊስን የእንስሳት መጽሐፍ በትርጉም አንብበዋል፤ ነገር ግን ያነበቡትን ሁሉ አሜን ብለው አልተቀበሉም። ከዐረቦች ግጥምና ካዩት ከሰሙት ጋር እያስተያዩ አንዳንዱን ተቀበሉ፣ አንዳንዱን ተጠራጠሩ። አንድ ዓይነት ኪታብ ብቻ የሚያነብ ሰው ያነበበውን በምን ይመዝነዋል? የብዙ ዓይነት ንባብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በጉንዳንና በዝንብ አፈጣጠር ውስጥም የፈጣሪን ጥበብ ያሳዩበት ይኸው እኔ የናቅኩት ርዕስ ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች፣ እኚህ ሰው ሙዕተዚላ አልነበሩምን? ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ነበሩ። ኢብን ቁተይባም (828-889 እ.ኤ.አ.) አንድን ነገር ደግፈው ተቃራኒውንም ይደግፋሉ ብለው አጥብቀው ነቅፈዋቸዋል። ይሁን እንጂ እኒሁ ኢብን ቁተይባ ዑዩን አል-አኽባር በተሰኘው ሥራቸው ከአል-ጃሒዝ ኪታቦች በኢጃዛ ወስደው ጽፈዋል። ስሕተቱን ለይቶ መንቀፍና ጠቃሚውን መውሰድ ሁለቱም የሚቻሉት ላነበበ ሰው ነው። ያላነበበ ሰው ግን መንቀፍም መጠቀምም አይችልም።

አል-ጃሒዝ በእርጅናቸው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ በበስራ በ255 ዓመተ ሂጅራ (868/869 እ.ኤ.አ.) አረፉ። የኪታብ ክምር ተንዶባቸው ሞቱ የሚለው ወሬ በኋላ ዘመን የመጣ ነው። ሕይወታቸው በኪታብ መካከል ማለፉ ግን አያጠራጥርም።

እኔም በማግስቱ መጽሐፉን ለልጄ መለስኩላትና ጥፋተኛው እኔ መሆኔን ነገርኳት። ያነበበችውን ማታ ማታ እንድትነግረኝም ጠየቅኳት። እስካሁን ስለ ጉንዳን ከእርሷ የሰማሁት፣ በዕድሜዬ ሙሉ ከማውቀው ይበልጣል። እስቲ እናንተም በየቤታችሁ የነጠቃችሁት መጽሐፍ ካለ ዛሬውኑ መልሱ። አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን።